ማንም ያልወደቀበት ክፍል

ከአዊ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ስለ ዘንገና ሐይቅ ነው። ውሃው እንደሚባለው ድፍን አረንጓዴ ነው ወይ፣ ጥልቀቱስ፣ ዙሪያውን የከበቡት ዛፎችስ? ሐይቁን አላየሁትም። ከዳርቻው የሩብ ሰዓት መንገድ ላይ ባለ አንድ ቤት ግማሽ ቀን ተቀምጫለሁ፤ ተነሥቼ ልየው ለማለት ግን ፊት አልነበረኝም። ስለዚህ ይህን የአራት ቀን ጉዞ የምጽፈው አገር ላስጎበኝ ብዬ አይደለም። መንገዱን፣ ያደርኩባቸውን ቤቶች፣ የተደረገልኝን ደግነትና ያፈርኩበትን ነው የምጽፈው። ያፈርኩበት ይበዛል።

ሥራዬ የዓይን ምርመራ ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ መነጽር የምለካ፣ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞርኩ የሕፃናት ዓይን የማይ ባለሙያ ነኝ። ሥራው በእኛ ዘንድ ልየታ ይባላል፤ ደህና ከሚመስሉት ልጆች መካከል ደህና ያልሆነውን ቀድሞ ማግኘት ማለት ነው። ስለ ልየታ ብዙ ስልጠና ሰጥቻለሁ። ሁልጊዜም የምለው አንድ ነገር አለኝ፤ ልየታ ስላደረጉት ብቻ በጎ ሥራ አይሆንም፣ ማስረጃ ይፈልጋል። ምርመራው የታመመውን በእርግጥ የሚይዝ ካልሆነ፣ የተያዘው ልጅ ሕክምና የማያገኝ ከሆነ፣ ቀድሞ መገኘቱም ዘግይቶ ከመገኘት የማይሻል ከሆነ፣ ሥራው ልጅ ማሰለፍ ብቻ ነው። ይህን ስናገር ድምፄ ወፈር ይላል። ባለቤቴ አንድ ቀን በስልክ ሳስተምር ሰምታኝ፣ ከዚያ ወዲህ "ሰባኪው" ነው የምትለኝ።

ከአራት ዓመት በፊት በዘንገና አቅራቢያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በአፀደ ሕፃናቱ ክፍል፣ አርባ ያህል ልጆች አየሁ። አንድም ልጅ አልወደቀም። መምህራን ልጆቹን አስቀድመው ካዘጋጇቸው ልየታው ፈጣንና የተሳካ ይሆናል ብዬ በሪፖርቴ ጻፍኩ፤ ያ ክፍልም ማስረጃዬ ሆነ። ሌሎች ጠቀሱት፣ በየስልጠናው ምሳሌ ተደረገ። ባለፈው መስከረም ግን አዲስ የተቀጠረች የመረጃ ባለሙያ ሰንጠረዡን እያየች፣ ሌላው ትምህርት ቤት ሁሉ ሁለትም ሦስትም ልጅ ሲገኝበት እዚህ እንዴት አንድም አልተገኘ ብላ በስብሰባ ላይ ጠየቀችኝ። የአዊ አየር ነዋ ብዬ አሳቅኋቸው። ስቀው አለፉ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

መልሱን አውቀው ነበር። ለአራት ዓመት ልጅ ፊደል አናስነብብም። ገበታው ላይ ያለው ሦስት ጣት ያለው አንድ ምልክት ነው፤ ጣቶቹ አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ታች ይዞራሉ፣ ወደ ታችኛው መስመር በወረድን ቁጥርም እያነሱ ይሄዳሉ። ልጁ አንድ ዓይኑን ሸፍኖ ምልክቱ የዞረበትን አቅጣጫ በእጁ ያሳያል። የዚያን ቀን ባንቺአምላክ የምትባል ትንሽ ልጅ ቀኝ ዓይኗን ስሸፍን ሁሉንም እያየች መለሰች። ግራ ዓይኗን ስሸፍን ግን አንገቷን ወደ ጎን አዘነበለችና እጇ ከእኔ መጠቆሚያ ቀድሞ መሄድ ጀመረ። አንድ ምልክት ዘልዬ ብጠቁም፣ እጇ የዘለልኩትን መለሰ። ገበታውን አዙሬ እንደገና መጠየቅ ነበረብኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ሾፌሩ መንገዱ ጭቃ ሳይሆን እንውጣ እያለ ይጣራል፣ ገና አሥር ልጅ ተሰልፏል። "ደህና" ብዬ ጻፍኩ። እናቷ በሩ ላይ ቆማ፣ ልጅቷ አንድ ነገር ስታተኩር አንገቷን እንደምታጣምም ነገረችኝ። ልማድ ነው አልኳትና ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠኋት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን አፍሼ ሄድኩ።

እንዲህ ያለው የአንድ ዓይን ድክመት በሕፃንነት ከተገኘ፣ ጥሩውን ዓይን እየሸፈኑ ደካማውን ሥራ ማስለመድ ይቻላል። ልጁ ባደገ ቁጥር ተስፋው እየጠበበ ይሄዳል። ባንቺአምላክ ዘንድሮ ስምንት ዓመቷ ነው። ዓይኗ ጨርሶ ሳያመልጥ ልደርስ እችል እንደሆነ ለማወቅ በጥቅምት አጋማሽ ፈቃድ ጠይቄ ተነሣሁ። ለመሥሪያ ቤቴ ክትትል ነው አልኩ፤ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት።

ማክሰኞ

ከባሕር ዳር መናኸሪያ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወጣሁ። መንገዱ ሰሞኑን አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ ስለሆነ ተሳፋሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ዛሬ ያሳልፋል?" ብሎ ነው። ሾፌሩ እስካሁን ያሳልፋል አለ፤ እኛም በዚያች "እስካሁን" ላይ ተሳፈርን።

ከመራዊ ወዲያ ፍተሻ ላይ ወረድን። ቦርሳዬን የከፈተው ፈታሽ የታጠፈውን ገበታ ዘርግቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። የዓይን መመርመሪያ ነው ብዬ ብነግረው አላመነም። በእጄ ይዤ ጥቂት እርምጃ ራቅኩና፣ አንድ ዓይንህን ሸፍነህ የምጠቁምህን አሳየኝ አልኩት። ጠመንጃውን ለጓደኛው አቀብሎ ሸፈነ። ተሳፋሪው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። አንዱን ሲሳሳት ራሱ ሳቀና ዓይን ቀይሮ ሌላኛውንም አስመረመረኝ፤ ከዚያ እናቱ ክር በመርፌ ማስገባት እንዳቃታቸው ነግሮኝ ምን ላድርግ አለ። የማንበቢያ መነጽር እንደሚበቃቸው ነግሬው ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ አንድ የማያውቁትን ሰው እንኳ በትክክል መመርመር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳስብ እስከ ዱርቤቴ ድረስ ከጎኔ የተቀመጡትን አዛውንት ጨዋታ በቅጡ ሳልመልስላቸው ቀረሁ።

ዱርቤቴን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። ተቀያሪው ጎማም ነፋስ አልነበረውም። ረዳቱ በሞተር ወደ ኋላ ተመልሶ እስኪያስነፋ ሦስት ሰዓት ያህል ከአንድ ገበሬ ግቢ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ተቀመጥን። የግቢው ባለቤት፣ መንገደኛ በደጁ ደርቆ መዋሉ ነውር ሆኖበት፣ ልጆቹን ቆሎና ውሃ አስይዞ ላካቸው፤ ኋላም ራሱ መጥቶ አብሮን ተቀመጠ። እኛ ባሕር ዳር ከደጃችን ሚኒባስ ቢበላሽ መስኮት ከፍተን እናያለን እንጂ ውሃ አናወጣም። ሰውየው ሥራዬን ሲሰማ ልጆቹን አሰልፎ "እስቲ ዓይናቸውን ይዩልኝ" አለ። አራቱንም አየኋቸው። ገበታውን በየጊዜው እያዞርኩ፣ ከታች ወደ ላይ፣ ከመሃል እየጀመርኩ ነበር የጠየቅኳቸው። አራቱም ደህና ናቸው ብዬ ነገርኩት።

ዳንግላ የደረስነው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ወደ እንጅባራ የሚያልፍ መኪና ስላልነበረ አደርኩባት። ባሕር ዳርን ባጃጅ እንደሚገዛት፣ ዳንግላን ባጃጅና የፈረስ ጋሪ ተካፍለው ይገዟታል። በጋሪ ወደ አንድ ፔንሲዮን ሄድኩ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ውሃ ግን የለም። ባለቤቲቱ ይቅርታ ስትጠይቅ ሦስት ጊዜ ማለች፤ ከዚያ ከራሷ ቤት ውሃ አሙቃ በባልዲ ላከችልኝ። ብርዱ የኛ አገር ብርድ አይደለም። እኛ ጥቅምት ላይ በአንሶላ ነው የምንተኛው፤ እሷ ሁለት ብርድ ልብስ ሰጥታኝ፣ አይበቃም ብላ የባሏን ጋቢ ደረበችልኝ። ምን ልትሠራ መጣህ አላለችኝም። ብትጠይቀኝ ለእሷም ክትትል እላት ነበር።

ረቡዕ

ጠዋት ያገኘሁት ሚኒባስ ከአዲስ ቅዳም አላለፈም። አዲስ ቅዳም የከሰል አገር ናት። ዲከረንስ የሚሉት የከሰል ዛፍ እንደ እህል በመስመር ተተክሎ ኮረብታውን ለብሷል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝም የተሰፋ የከሰል ኬሻ ተደርድሯል። እኛ ቤት በአንድ ፌስታል ከሰል ስንት ቀን እንደምንቆይ አሰብኩና፣ ከየት እንደሚመጣ አንድም ቀን ጠይቄ እንደማላውቅ ታወሰኝ። ከሰል የጫነ አይሱዙ ወደ እንጅባራ ሲሄድ አግኝቼ ገቢና ገባሁ፤ ቦርሳዬን ኬሻው ላይ ወረወሩልኝ። ግማሽ መንገድ ላይ ዝናብ ጣለ። እንጅባራ ስወርድ የከሰሉ ጥቁር ውሃ በዚፑ ገብቶ ነጭ ጋዎኔን ጥቁር የሽንብራ ማሳ አስመስሎታል።

እንጅባራን የአገሬው ሰው አሁንም ኮሶበር ይላታል። አጥሩ ቀርቀሃ፣ ወንበሩ ቀርቀሃ፣ ሰማዩ ሁልጊዜ ሊዘንብ የተሰናዳ ነው። እዚያ የሚያርፉበት ቤት አላጣሁም፤ ግን መምህርት ዘውድነሽ መምጣቴን በስልክ ሰምተው ሆቴል ብገባ እንደሚቀየሙ ነግረውኛል። ያን ጊዜ የአፀደ ሕፃናቱ መምህርት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ከተማ ተዛውረው ያስተምራሉ። ባለቤታቸው የእንጨት ሥራ አላቸው። ቤተሰቡ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ ግድግዳው ላይ ከጥቅስ ሌላ ሥዕል የለም።

ጋዎኑን ገና ከእጄ ሳይቀበሉ "ይህስ ልብስ ነው ከሰል?" አሉና ወስደው ዘፈዘፉት። ከዚያ የመጣው ጣጣ የኔ ነው። ለክብሬ ዶሮ ሠርተዋል፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ ነው፣ እኔ እጾማለሁ። ምን ልበል እያልኩ ሳመነታ ባለቤታቸው ገባቸውና ራሳቸውን ያዙ። መምህርት ዘውድነሽ በድንጋጤ ተነሡ፤ እኔ ደግሞ ከድንጋጤያቸው የተነሣ ልበላው ሁሉ አሰብኩ። አይሆንም አሉ። በሌላ ድስት፣ ቅባት ባልነካ፣ ድንች በዘይት ወጥ ሠርተው፣ ተልባ አቅርበው፣ እነሱም ዶሮውን ለነገ አሳድረው ከኔ ጋር ድንች በሉ። ከመብላታችን በፊት ባለቤታቸው ጸለዩ። ጸሎቱ ውስጥ እኔም ነበርኩበት፤ "ለሕፃናት ብሎ የደከመውን ወንድማችንን ባርክ" አሉ። አሜን ማለት ነበረብኝ።

ወጉን ወደዚያ ቀን ያዞሩት መምህርቷ ናቸው።

"ልጆቼ ያን ቀን አላሳፈሩኝም አይደል?" አሉ በኩራት።

አላሳፈሩም አልኩ። እንዴት እንዳዘጋጇቸው ጠየቅኩ።

"ገበታውን በላኩልን በሳምንቱ ያዙት። ባለ ሦስት እግር ፈረስ ነው አልኳቸው፤ ፈረሱ እግሩን ወዴት ዘረጋ እያልኩ፣ ከላይ እስከ ታች በዜማ አስያዝኳቸው። እንግዳ ፊት እንዳይደነግጡ ብየ እኮ ነው። ሀሁንስ የያዙት በዜማ አይደል?"

ገበታውን አስቀድሜ የላክሁት እኔ ነኝ። መላክ የነበረብኝ አንድ ትልቅ ምልክት ብቻ ያለበት የመለማመጃ ካርድ ነበር። እሱን ቢሮ ረሳሁትና፣ ልጆቹ ይልመዱት ብዬ ፈተናውን ራሱን ላክሁላቸው። መምህርቷ ያደረጉት ጥሩ የሕፃናት መምህርት የምታደርገውን ነው፤ የመጣላቸውን ገበታ አስጠኑ። አርባ ልጅ ዓይኑን ሳይሆን ዜማውን አሳየኝ፤ እኔም ዜማውን ዓይን ብዬ መዘገብኩት። ሌላው ቢቀር ያስተማሩበትን ትጋት ያህል እኔ ብጠራጠር ኖሮ ይበቃ ነበር።

ፊቴ ተለዋውጦ ኖሮ "አጠፋሁ እንዴ?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

እርስዎ አላጠፉም አልኳቸው። ማን እንዳጠፋ ግን አልነገርኳቸውም። ስለ ባንቺአምላክ ስጠይቃቸው የውዴ ልጅ መሆኗን፣ ከሐይቁ ማዶ እንደሚኖሩ፣ አሁን ሁለተኛ ክፍል እንደገባች ነገሩኝ፤ መንገዱን በወረቀት ሳሉልኝ።

ሐሙስ

ጋዎኑን ሌሊቱን ምድጃ አጠገብ አድርቀው፣ ጠዋት በከሰል ካውያ ተኩሰው ሰጡኝ። በባጃጅ እስከ ዘንገና መታጠፊያ፣ ከዚያ በእግር ሄድኩ። የእግር መንገዱ ፈረስና ከብት ያቦካው ጭቃ ነው። እኛ ባሕር ዳር ጭቃ ሲሆን ክረምት ነው እንላለን፤ እዚህ ለጭቃው ወር አልወጣለትም። ሁለት ጊዜ ተንሸራተትኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስንሸራተት ድንች የጫነች አህያ የሚነዱ ሴት አይተውኝ፣ በአገውኛ አንድ ነገር ብለው ሳቁና በትራቸውን ሰጡኝ። ስመለስ የት ላምጣው ስል በእጃቸው ወደ ፊት ሂድ አሉኝ።

ውዴ ሠላሳ ዓመት ያህል የሆናት ሴት ናት። ባሏ አዲስ ቅዳም ከሰል ሲጭን ይሰነብታል። ደጇ ላይ ድንች ስትለይ ነው የደረስኩት፤ ትልቁን ለገበያ፣ ትንሹን ለዘር። ወዲያው አወቀችኝ።

"የዓይን ዶክተሩ" አለችና እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሰላም አለችኝ።

ዶክተር አይደለሁም። ከአራት ዓመት በፊትም እንዲሁ ብላኝ ነበር፤ ያኔም ዝም ብያለሁ። ወደ ቤት አስገባችኝ። ለምን እንደመጣሁ ሳልነግራት፣ ሳይቀመስ ነገር የለም ብላ ድንች ጣደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባንቺአምላክ ከትምህርት ቤት ደረሰች። ቀጭን፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። እንግዳ ሲኖር ልጅ እጅ ያስታጥባል፤ ደብተሯን አስቀምጣ ማስታጠቢያውን አመጣች። እጄን ዘረጋሁ። አንገቷን ትንሽ ወደ ጎን አዘነበለችና ውሃውን አፈሰሰች። ውሃው እጄን ስቶ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ከጣቶቼ አለፈ።

እናቷ ከምድጃው ተነሣች። አልመታቻትም፤ ግን ልጅቷ የምትመታ መስሏት ትከሻዋን ሰብሰብ ስታደርግ አየሁ።

"ይዩልኝ እንግዲህ" አለችኝ ውዴ፤ "ሁልጊዜ እንዲሁ ናት። ሲኒውን ትስተዋለች፣ በመርፌ ክር አስገቢ ብላት አትችልም፣ ውሃ በተቀዳ ቁጥር መሬቱ ይጠጣል። ዓይኗማ ደህና ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት የነገሩኝ። ግድየለሽነት ነው። ስንት ጊዜ ተቆጣሁ፣ ስንት ጊዜ ገረፍኩ።"

እዚያች ልጅ ላይ ለአራት ዓመት ያረፈው በትር የማን እንደሆነ ለመረዳት ሌላ ምርመራ አላስፈለገኝም። ያም ሆኖ መረመርኳት። ደጅ አውጥቼ፣ ግራ ዓይኗን በመዳፏ አስሸፍኜ፣ አንዱን ትልቅ ምልክት ብቻ በእጄ እያዞርኩ አሳየኋት። ዝም አለች። ቀረብኩ። ዝም አለች። ሦስት እርምጃ ላይ ስደርስ ጥቁር ነገር አለ አለች። መዳፏን ስታነሣ ግን ከሩቅ፣ የገበታውን ትንሿን ምልክት ሳይቀር መለሰች።

ለውዴ ሁሉንም ነገርኳት። ቀኝ ዓይኗ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደማያይ፣ በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ከባድ ስለሆነ ውሃውን እንደምትስት፣ ያን ቀን ልጅቷ የምትመልሰው ሳታይ በቃሏ መሆኑን ጠርጥሬ እንደነበር፣ ቸኩዬ እንዳለፍኩ፣ እሷም ስትነግረኝ እንዳልሰማኋት። ቃል ስመርጥ ረዘምኩ። እሷ ግን አንድ ጊዜም አላቋረጠችኝም።

"ለኔ አይደለም የሚነገረው" አለች ስጨርስ። "ለሷ ይንገሯት። እኔ ብነግራት የቁጣየ ማስተባበያ ይመስላታል።"

ስለ ሕፃናት ዓይን ስንት ዓመት ሳወራ ለአንድ ሕፃን ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ተንበርክኬ ከቁመቷ ጋር ተስተካከልኩና፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ግድየለሽ አይደለሽም፣ ቀኝ ዓይንሽ ደክሞ ነው፣ እኔ ማወቅ ሲገባኝ ደህና ነው ብዬ ለእናትሽ ነግሬያት ነው አልኳት። ግራ ቀኝ አየችና እናቷን በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀች። እናቷ መልሳ ወደ እኔ አመለከተቻት።

"ጋሸ" አለችኝ በአማርኛ፣ "የሁሉም ሰው አንዱ ዓይን ብቻ የሚያይ መስሎኝ ነበር።"

ውዴ ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፤ ትኩስ ድንች በቅቤና በሚጥሚጣ ይዛለች። አልበላም ብል ሌላ በደል ነው። በላሁ። ባንቺአምላክን ከጎኗ አስቀምጣ እየላጠች ታጎርሳት ነበር፤ ልጅቷ ግራ ገብቷት ትጎርሳለች። ከምግብ በኋላ ልጅቷን ባሕር ዳር ሐኪም ይያት ብዬ ለመንኳት፤ ውዴም ነጠላዋን አጣፍታ ኔትዎርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣችና ለባሏ ደወለች። እስክትመለስ ልጅቷ ሐይቁን ላሳይዎት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሌላ ቀን አልኳት። ውዴ ስትመለስ ባሏ ፈቅዷል፤ ነገ ባሕር ዳር እንሄዳለን አለች። ሐኪም ቤቱንም፣ የሚያድሩበትንም፣ ሁሉን እኔ እንደማሰናዳ ነገርኳት። አመሰገነችኝ። ምስጋናዋን ከመስማት ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

እንጅባራ መናኸሪያ ሲነጋ ተገናኘን። መምህርት ዘውድነሽም መጡ፤ ለመንገድ ብለው የተቀቀለ ድንችና ዳቦ ቋጥረው ነበር። እዚያው ቆሜ ረቡዕ ማታ ያልነገርኳቸውን ነገርኳቸው። ገበታውን መላኬ ስህተት እንደነበር፣ እሳቸው ያደረጉት ሁሉ ከዚያ የተነሣ መሆኑን አስረዳሁ። እንባቸው መጣ። ሌሎቹ ልጆችስ አሉኝ። አርባውንም ተመልሼ እንደማይ ነገርኳቸው፤ የዚያን ጊዜ የስም መዝገብ እቤታቸው እንዳለ፣ ልጆቹን እየፈለጉ እንደሚያቆዩልኝ ተናገሩ።

መንገዱ ያን ቀን አሳለፈ። ባንቺአምላክ እስከ ዳንግላ መስኮት ይዛ ውጭውን እያየች ሄደች። ባሕር ዳር ስንወርድ ውዴ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና፣ አየሩ እንደ ማጀት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ እኔ ግን በሙቀታችን ስኮራ የኖርኩ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ምሳ አዘጋጅታ ጠበቀችን። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ የዓይን ክፍል ወሰድኳቸው።

ዶክተሩን አውቀዋለሁ። ጠቅላላ ሐኪም ሳለ የልየታ ስልጠና ወስዷል፤ ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ያን ማንም ያልወደቀበትን ክፍል በምሳሌነት ያነሣሁት በዚያም ስልጠና ላይ ነበር። እኔን ሲያይ ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ። ባንቺአምላክን ረጅም ጊዜ ወስዶ አያት፤ ጠብታ ጨመረባት፣ ጠበቅን፣ እንደገና አያት። ዓይኗ ሲያዩት ጤነኛ ነው አለ፤ ጠንካራ መነጽር ሳያገኝ በመቅረቱ አእምሮዋ እሱን መጠቀም ትቶ በግራው ብቻ ለምዷል። መነጽር ታዘዘላት፤ በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ግራ ዓይኗ እየተሸፈነ ቀኙ እንዲሠራ ይደረጋል። የሚመለስ ይኖራል አለ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠበቅም። ከዚያ ግራ ዓይኗን በጥጥና በፕላስተር ሸፈነና፣ እየጻፈ ወደ ውዴ ዞረ።

"እናት፣ ይህችን ልጅ በአራት ዓመቷ ብታመጫት ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የማወራሽ። ለምንድን ነው ሁልጊዜ ዘግይታችሁ የምትመጡት?"

ውዴ አንድ ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

"ልክ ነዎት ዶክተር፤ ዘግይተናል" አለች።

ለምን እንዲህ እንዳለች አውቃለሁ። ወንበር ተነሥቶለት የተሰጠውን ሰው፣ በሙያ ጓደኛው ፊት ማዋረድ በእሷ ዘንድ አይደረግም። ዶክተሩ "ቤተሰብ ዘግይቶ አመጣት" ብሎ ካርዱ ላይ ሲጽፍ ቆሜ አነበብኩት። ያን መስመር እስኪጨርስ ዝም አልኩ። ቀጣዩን ሲጀምርም ዝም አልኩ። ከዘንገና ማዶ፣ የሙያዬ ሰው በማይሰማበት፣ መናገር እንዴት ቀሎኝ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ባንቺአምላክ ግራ ዓይኗ እንደተሸፈነ ፊቷን በዝግታ በክፍሉ ውስጥ አዞረች። የት እንዳለሁ በቀኙ እየፈለገችኝ ነበር።

"ዶክተር፣ እናትየው አልዘገየችም" አልኩ። "በአራት ዓመቷ ለምርመራ ቀርባለች፤ እናቷም ችግሩን ተናግራለች። የመረመርኳት እኔ ነኝ። ደህና ናት ብዬ የመለስኳቸውም እኔ ነኝ።"

ዶክተሩ እስክሪብቶውን አነሣ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ውዴን አየ። "እንዲህ ብዬ ልጻፈው፣ ጋሼ?" አለ ቀስ ብሎ።

ጻፈው አልኩት። ስለ እናቲቱ የጻፈውን መስመር ሰረዘና ከሥሩ አዲስ ጀመረ። የመርማሪው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ስሜን ያውቀዋል፤ ቢሆንም እስክነግረው ጠበቀ። ከነአባቴ ነገርኩት።